የሦስተኛው ብርጭቆ ሴት

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ስልካችሁን ለጥቂት ጊዜ ኪሳችሁ ውስጥ አስተኙትና አጠገቤ ተቀመጡ። የምነግራችሁ ስለ አንዲት እኩያችሁ ነው። ጓደኞቿ ቅጥነቷን አይተው «ቀጮ» ይሏታል፤ እኛም እንደዚያው እንበላት። ነገሩ የሚጀምረው ቀጮ ግማሽ ሎሚ በእጇ ይዛ፣ መጭመቅም መተውም አቅቷት ከቆመችበት ነው።

«ጭመቂው እንጂ» አለች ጓደኛዋ። «ሎሚ እኮ ነው፤ ቦምብ አይደለም።»

ጓደኛዋ «ሬዲዮ» ትባላለች። ለምን እንደተባለች ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ከመግቢያው ደወል እስከ መውጫው ደወል የማትዘጋ ልጅ ናት። ልቧ ግን ደግ ነው። የቀጮ እናት የሞተች ሰሞን ክፍሉ በሙሉ ምን እንደሚላት ግራ ገብቶት ሲሸሻት፣ አጠገቧ መጥታ ስለማይረባው ነገር ሁሉ ስታወራላት የከረመችው ሬዲዮ ብቻ ናት።

ሁለቱ የቆሙት በሙዚየሙ ምድር ቤት፣ አሮጌ ዕቃ በሚጠገንበት ክፍል ውስጥ ነው። የቀጮ አክስት የምትሠራው እዚያ ነው። አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆነ የሚገባው አምሽቶ ነው፤ ልጅቷ ባዶ ቤት እንዳትቀመጥ ከትምህርት ቤት ስትወጣ አክስቷ ጋ ትቆያለች። ክፍሉ ከመሬት በታች ስለሆነ መስኮቱ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ነው። በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ጫማ ይመጣል፣ ጫማ ይሄዳል፤ ፊት የሚባል ነገር አይታይም።

ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ የሻይ ብርጭቆዎች በተርታ ተደርድረዋል። በየብርጭቆው ውሃ አለ፤ በውሃው ውስጥ አንድ አንድ የጥንት ሳንቲም ተዘፍዝፏል። የውሃ ቧንቧ ሊቀብሩ ሲቆፍሩ የነበሩ ሰዎች ካገኙት የሸክላ ማሰሮ የወጡ ናቸው። ሲወጡ ሳንቲም አይመስሉም ነበር፤ አረንጓዴ ሻጋታ የለበሱ ጠጠሮች ነበሩ። ማን እንደቀበራቸው፣ ለምን ተመልሶ እንዳላወጣቸው የሚያውቅ የለም። አክስቷ አንዳንዴ ሥራዋን ታቆምና «አንድ ሰው እኮ እመለሳለሁ ብሎ ነው የቀበረው» ትላለች። ያን ስትል ቀጮ ጀርባዋን ይቀዘቅዛታል።

ውሃው የቧንቧ ውሃ አይደለም። በየጋራዡ «የባትሪ ውሃ» የሚሉት የተጣራው ነው። በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ጨው መዳብን ያሳምማል፤ ስለዚህ ሳንቲሞቹ በተጣራው ይዘፈዘፋሉ፣ ውሃውም በየቀኑ ይቀየራል። መቀየሩ የቀጮ ሥራ ነው። ሲበቃው አክስቷ አንዱን ታወጣና አጉሊ መነጽር ስር አስቀምጣ በስቴኪኒ ጫፍ ትነካካዋለች። አዎ፣ ጥርሳችንን በምንጎረጉርበት ስቴኪኒ። አንድ ፍርፋሪ ታነሳለች፣ እፍ ትላለች፣ ታያለች። ደግሞ ሌላ ፍርፋሪ። አንዳንድ ቀን ከሰዓቱን ሙሉ ጎንብሳ ውላ የምታገኘው ሳንቲሙ ላይ ከተቀረጸው ፊት የአንድ ጆሮ ጫፍ ነው።

ሬዲዮ ይህን አይታ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ሄደ፣ ዶሮ ሆነ፣ አረጀ፣ ሞተ፤ እትዬ ግን ገና ጆሮው ጋ ናቸው» ብላ ቀጮን አስቃታለች።

አክስቷ ሕግ አታበዛም። አንድ ሕግ ግን አላት፦ ሎሚ እዚያ ክፍል አይገባም። ለሻይም ቢሆን። ሻይ በሎሚ የሚወድ እንግዳ ከመጣ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ ጠጥቶ፣ እጁን ታጥቦ ነው የሚገባው። ቀጮ ምክንያቱን ጠይቃ አታውቅም። የአክስቷ ጠባይ መስሏት ትታው ነበር።

ታዲያ ሎሚው እንዴት ገባ? የገባው በሦስተኛው ብርጭቆ ምክንያት ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አክስቷ የሦስተኛውን ብርጭቆ ሳንቲም ወደ መብራቱ ዘንበል አድርጋ ብዙ ካየችው በኋላ «ይቺ ሴት ናት» አለች፣ የተኛ ሰው እንዳትቀሰቅስ የምትጠነቀቅ ይመስል። «ሌሎቹ በሙሉ ጢማሞች ናቸው። ይቺ ግን ሴት ናት። ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራዋለች፤ ይታይሻል?»

ቀጮ ጎንበስ ብላ አየች። ከአረንጓዴው ውስጥ የአንገት ጥምዝ የሚመስል፣ የጉንጭ እብጥታ የሚመስል ነገር አለ። ብርሃኑ ትንሽ ሲዞር ደግሞ የለም።

«ፊቷ መቼ ነው የሚወጣው፣ እቴቴ?»

«እሷ ስትፈቅድ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴትየዋ አልለቀቀቻትም። የሒሳብ አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ቀጮ የምታየው ያን የታሰረ ጸጉር ነው። ውሃ ስትቀይር ሦስተኛው ጋ ስትደርስ እጇ ይዘገያል። ጀርባዋን ሰጥታ የቆመች ሰው «አሁን ዞር ትላለች፣ አሁን ዞር ትላለች» እየተባለ እንደሚጠበቀው፣ እንደዚያ ትጠብቃታለች።

ምስጢሩን ልንገራችሁ። ለማንም አልተናገረችውም፤ ለሬዲዮም ጭምር። የእናቷ ፊት ጠፍቶባት ነበር።

እናቷ ከሞተች ዓመት አልፏል። አባቷ ሳሎኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ፎቶ ሰቅሏል። ፎቶ ቤቱ ቆዳዋን አለስልሶ፣ ከዐይኗ ስር ያለውን ጠርጎ፣ ጥርሷን አንጥቶ የሠራው ነው። ቀጮ በገባች በወጣች ቁጥር ታየዋለች። ያ ፎቶ ታዲያ ቀስ እያለ እናቷን ከልጅቷ ልብ አስነስቶ እሱ ተቀመጠበት። ዐይኗን ስትጨፍን የእናቷ ድምፅ ይመጣል፤ የእጇ ሽታም ይመጣል፤ ፊቷ ጋ ስትደርስ ግን ያ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ዞሮ ይመለከታታል። የማታውቀው ሰው ሆኖ።

እናቷ የታመመችበትን ጊዜማ ጨርሳ አታስበውም። ያበጠውን ጉንጭ፣ ቢጫ የሆነውን ዐይን፣ የሳሳውን ጸጉር «እሱ እማዬ አይደለም፤ በሽታው ነው» ብላ ዘግታበታለች። በአባቷ አሮጌ ስልክ ላይ አንድ ቪዲዮ አለ። እናቷ ራሷ አልጋዋ ላይ ሆና «ነይ ቅረጪኝ» ብላ ቀጮን ያስቀረጸቻት ነው። ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ቀጮ በዚያ መሳቢያ በኩል ስታልፍ እግሯን ታፈጥናለች።

የዚያን ቀን አክስቷ ለስብሰባ ወደ ላይኛው ፎቅ ተጠራች። ሬዲዮ ምሳ ዕቃዋን ከፍታ፣ ከዓሣዋ የተረፈውን ግማሽ ሎሚ አወጣች።

«አጎቴ የበሩን እጀታ በምን እንደሚያበራው ታውቂያለሽ? በሎሚ። እንደ ወርቅ ነው የሚሆነው። አንቺ ደግሞ አንዲት ሴትዮ ፊቷን እስክታዞር ልታረጂ ነው።»

«እቴቴ ከከለከለች...»

«እትዬ ፊቷን ሲያዩ ራሳቸው ይደሰታሉ። እሺ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።»

ቀጮ ሎሚውን ጨመቀችው።

ሳንቲሟን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋት ነበር። ጭማቂው ሲነካት ጥቃቅን አረፋ ከሁሉም አቅጣጫ ተነሳ፤ የሆነ ነገር የሚተነፍስ ይመስል ነበር። አረንጓዴው እንደ ጭስ እየተፈታ ወደ ታች ወረደ። ሁለቱም ጭንቅላታቸውን አጋጥመው አዩ። ከዚያ ቀጮ ሳንቲሟን አወጣችና በብሩሽ አሸት አሸት አደረገቻት።

ከዝገቱ ስር የወጣው ሮዝ ነበር። ቁስል ላይ የደረቀው ቅርፊት ያለ ጊዜው ሲነሳ የሚታየውን ጥሬ ሥጋ ታውቁታላችሁ? እንደዚያ። ጉድጓድ ጉድጓድ የሆነ፣ የተበላ መዳብ። አንገት የለም፣ ጉንጭ የለም፣ የታሰረ ጸጉር የለም።

«በሌላኛው በኩል ይሆናል» አለች ሬዲዮ።

ቀጮ ገለበጠቻት። በሌላኛው በኩልም የለም።

«የታለች?» አለች ቀጮ። ድምጿ የራሷ አልመስል አላት። ብርጭቆው ስር የተቀመጠውን አረንጓዴ አተላ አየች፣ ሳንቲሙን አየች፣ መልሳ አተላውን አየች።

ደረጃው ላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ። የአክስቷ ነው። ቀጮ እንደ እንጨት ደረቀች፤ ሬዲዮ ግን በችግር ጊዜ እጇም እንደ አፏ ነው። ከዩኒፎርም ሹራቧ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን ቁልፍ በጥሳ ሦስተኛው ብርጭቆ ውስጥ ጣለችው። ከአተላውም ትንሽ አፈሰሰችበትና ውሃውን አደፈረሰችው። የተረፈውን ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው። ሎሚው ወደ ምሳ ዕቃ፣ ሳንቲሟ ወደ ቀጮ ኪስ ገባች።

አክስቷ በሩ ላይ ቆማ አሸተት አሸተት አደረገች። «ምንድነው የሚሸተኝ?»

«እኔ ነኝ እትዬ» አለች ሬዲዮ። «ምሳዬ ዓሣ ስለነበር እጄን በሎሚ ታጥቤ ነው።»

«በሎሚ?»

«ትልቅ ዓሣ ነበር፣ እትዬ።»

አክስቷ አንዷን አየች፣ ሌላዋን አየች። «ሌላ ጊዜ ሳሙና የሚባል ነገር አለ» አለችና ወንበሯን ስባ ተቀመጠች።

እንግዲህ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ቀጮ ያንን ሳንቲም በሶፍት ጠቅልላ ቤቷ ወሰደችው።

የእነሱን ቤት ሳልነግራችሁ አልለፍ። እናቷ ስትታመም «ቀስ በሉ፣ ትረፍ» እየተባለ በር ቀስ ተብሎ መዘጋት፣ ሳህን ቀስ ተብሎ መቀመጥ ጀመረ። እናቷ ሄደች፤ ቀስታው ግን ቀረ። አባትና ልጅ አሁንም በሹክሹክታ ነው የሚነጋገሩት። ቴሌቪዥኑ አሁንም ድምፁ ዝቅ እንዳለ ነው። አባቷ ባዶውን መኝታ ክፍል ሲዘጋ እጀታውን አሁንም በሁለት እጁ ይዞ፣ እንዳይጮህ ጠብቆ ነው። አንድም ቀን «አሁንማ ማንን ልንቀሰቅስ ነው?» ያለ የለም።

ጠዋት ሶፍቱን ስትፈታ ሳንቲሟ ስታለቅስ አድራለች። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። በሮዙ መዳብ ላይ አረንጓዴ ጠብታዎች ወጥተው ሶፍቱን አበስብሰውታል። ጠረገችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ ወጥቷል። አጠበችው፣ አደረቀችው፣ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ዘጋችበት። ደግሞ ወጣ። ጣቷ መዳብ መዳብ ይሸት ጀመር፤ በሳሙና ብታሽም አይለቅም። እንጀራ አባት እንዳላት ልጅ በገዛ ቤቷ ጥግ ጥጉን መሄድ አበዛች። ከሁሉ የባሰው ግን ይህ ነው፦ ያቺ ፊት የሌላት ሴት አሁን በትክክል ወደ እሷ የዞረች መሰላት።

ሙዚየሙ ውስጥ ደግሞ ብርጭቆዎቹ በተርታቸው ናቸው። ሦስተኛው ውሃው ደፍርሶ ተቀምጧል። ቀጮ ልትቀይረው ብትነሳ አክስቷ «እሱን ተዪው፤ ለእሱ እኔ አለሁ» ትላታለች። መስኮቱ ላይ ጫማዎች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አክስቷም ጎንብሳ የጢማሞቹን ቅንድብ በስቴኪኒ ትፈልጋለች።

«ወንዝ» አለች ሬዲዮ በመጨረሻ። «ድልድዩ ላይ ቆመን ጠብ እናደርጋታለን፤ ማን ያያል? ከዚያ ሁሉ ሳንቲም መሃል አንዷ ብትጎድል ማን ያውቃል? ቁልፉንም ቀስ ብለን እናወጣለን። ብርጭቆው ተሰበረ እንላለን።»

ከትምህርት ቤት ሲወጡ ድልድዩ ላይ ቆሙ። ከስር ውሃው ቡናማ ሆኖ ይሄዳል። ቀጮ እጇን ከአጥሩ አሻገረች። እጇ ግን አልፈታ አለ።

«ክንዴ ደከመኝ ብለሽ እንዳትመልሺው» አለች ሬዲዮ።

«አንዴ ፊቷን አጠፋሁባት። አሁን ደግሞ...» ቀጮ አልጨረሰችውም። ከዚያ፣ ሳታስበው፣ ስለ ፎቶው ነገረቻት። ዐይኗን ስትጨፍን ስለሚመጣው ወረቀት። መሳቢያው ውስጥ ስላለው ስልክ። «የእማዬን ፊት አላውቀውም፣ ሬዲዮ። ልጇ ሆኜ አላውቀውም። የዚችን ሴትዮ ካየሁ... እንጃ፣ አንድ ፊት እንኳ ከተደበቀበት ሲወጣ ባይ ብዬ ነበር።»

ሬዲዮ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ቀጮ ካወቀቻት ጀምሮ ጣቢያው ሲቋረጥ ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ብዙ ከቆየች በኋላ «እትዬ ጋ አብሬሽ ልግባ?» አለች። «ሎሚው የኔ ነው።»

«አይ። አንቺ ከገባሽ ስለ ዓሣው ትጀምሪያለሽ።»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። እየሳቁም ሬዲዮ ዐይኗን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች።

አክስቷ ብሩሾቿን እያጠበች ነበር። ቀጮ ቦርሳዋን ሳታወርድ ገብታ የክብሪቱን ቀፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«የሦስተኛው ብርጭቆ ናት» አለች። «በሎሚ አጠብኳት። የጨመቅኩት እኔ ነኝ።»

አክስቷ እጇን አደረቀች። ቀፎውን ከፍታ አየች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር መጣና ሄደ። ከዚያ መሳቢያዋን ሳበች፤ በነጭ ጥጥ ላይ የተኛ፣ የታጠበና የደረቀ የሹራብ ቁልፍ አውጥታ ከሳንቲሙ ጎን አስቀመጠችው።

«እኔም ይሄ ንጉሥ የየት አገር ነው እያልኩ ስገረም ነበር» አለች። «አራት ቀዳዳ ያለው ንጉሥ አይቼ አላውቅም።»

ቀጮ ልትስቅ ብላ እንባ ቀደማት። «ታውቂ ነበር?»

«ቁልፍ መሆኑን አወቅሁ። የት እንዳለች አላወቅሁም። እንድትነግሪኝ ነበር የምፈልገው።» ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና የአጉሊ መነጽሩን መብራት አበራች። የአራተኛውን ብርጭቆ ሳንቲም አወጣች። «ነይ እዪ። ይሄን ጢማም ታዪዋለሽ? ጢሙ ምንድነው ቀለሙ?»

«አረንጓዴ።»

«ቅንድቡስ?»

«እሱም አረንጓዴ።» ቀጮ ቀና አለች። «ከስር አይደለም እንዴ ያለው?»

«ሰው ሁሉ ፊቱ ከዝገቱ ስር ያለ ይመስለዋል። ሎሚ የሚይዘውም ለዚያ ነው።» አክስቷ ስቴኪኒዋን አንስታ፣ ሳንቲሙን ሳትነካ፣ ከላዩ አየር ላይ እያሳየች ቀጠለች። «ከላይ ያለው አፈር ነው፤ እሱን አነሳለሁ። መሃል ላይ ያለው ራሱ ሳንቲሙ ነው፤ መሬት ውስጥ ሲኖር ሲኖር ወደ ዝገት የተለወጠው። ሲለወጥ ፊቱንም ይዞ ነው የተለወጠው። ከስር የቀረው መዳብ ተበልቶ አልቋል፤ ያ ምንም አያስታውስም። ፊቱ ያለው ዝገቱ ላይ ነው።»

ቀጮ ማጠቢያውን ዞር ብላ አየችው። «ስለዚህ የደፋነው...»

«አዎ» አለች አክስቷ። አላለሳለሰችላትም። «እሷን ነው።»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። ቀጮ ይህን ሲሉ ሺህ ጊዜ ሰምታለች፤ ማጠቢያው ቀዳዳ ላይ ዐይኗን ተክላ እስክትቀር ድረስ ግን ተረት ነበር።

«ለምን ቸኮልሽ?» አለች አክስቷ። «አንቺ እኮ መጠበቅ የምትችዪ ልጅ ነሽ።»

«ፊቷን ማየት ፈልጌ።»

«የሷን?»

አክስቷ የእናቷ ታላቅ እህት ናት፤ አንዳንድ ነገር ሳይነገራት ይገባታል። የልጅቷን እጅ ያዘችና መዳብ መዳብ የሚሸተውን ጣቷን በአውራ ጣቷ ስታሻሽ ቆየች።

«አንድ ቀን» አለች፣ «ሐኪም ቤት የእናትሽን ጸጉር ላበጥርላት ብዬ፣ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን እንዳታይ እደብቅባታለሁ። ለካ አይታኛለች። "እቴቴ፣ አትደብቂው፤ ማበጠሪያው ከኔ የበለጠ ጸጉር አብቅሏል፤ ለሱ ሪባን እሰሪለት" አለችኝ። ነርሷ ትሪ ይዛ ስትገባ ሁለታችንም በሳቅ ሞተን አገኘችን።»

ቀጮ ይህን ሰምታው አታውቅም። ሳቅ አመለጣት። ሲያመልጣትም፣ ዐይኗ ሳይጨፈን፣ አንድ ነገር ብልጭ አለ፦ ያበጠ ጉንጭ፣ በሳቅ ወደ ላይ ሲወጣ፤ ቢጫ ዐይን፣ ጥግ ጥጉ ሲሸበሸብ። ወረቀቱ አልነበረም። ከዚያ ጠፋ።

አክስቷ ተነሳች። «አለቃዬ ጋ ልሂድ። ክፍሉን ከፍቼ የሄድኩት እኔ ነኝ፤ የምጠየቀውም እኔ ነኝ።»

«እኔም እገባለሁ።»

«አንቺን የጠራሽ የለም።»

«ቢሆንም እገባለሁ፣ እቴቴ።»

አብረው ገቡ። አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ያዘነ ሰው ነበር፣ ያ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል። ከማሰሮው የወጣችው ሴት እሷ ብቻ ነበረች። አክስቷ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። ቀጮም ከዚያ ወዲህ ብቻዋን እዚያ ክፍል እንዳትቆይ ተባለ። ሲወጡም አክስቷን «ይቅርታ» ስትላት በሹክሹክታ አልነበረም።

ምድር ቤት ሲመለሱ አክስቷ ሦስተኛውን ብርጭቆ አጥባ የተጣራ ውሃ ሞላችበትና ሳንቲሟን ለቀጮ ሰጠቻት።

«ሎሚው ገብቷል፤ ገና ውስጥ ውስጡን እየበላት ነው። እኔ እያየሁሽ ውሃዋን ትቀይሪላታለሽ፤ ማልቀሷን እስክታቆም።»

«ፊቷ ግን አይመለስም።»

«አይመለስም።»

ቀጮ ሳንቲሟን ቀስ አድርጋ ውሃው ውስጥ አስገባቻት። ዘንበል፣ ዘንበል እያለች ወርዳ ከስር ተቀመጠች።

በሳምንቱ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ነበር፤ አባቷ ሥራ የለውም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ይቀባል። ፀሐይ እስከ ሳሎኑ መሃል ገብታለች። ቀጮ ወደ መሳቢያው ሄደች፤ እግሯን አላፈጠነችም። ሳበችው። ስልኩ ከአሮጌ ባትሪዎችና በራቸው ከማይታወቅ ቁልፎች ጋር ተኝቷል።

«አባዬ፣ የዚህ ቻርጀር የታለ?»

አባቷ ቀና ብሎ በእጇ የያዘችውን አየ። ብሩሹ ጫማው ላይ ቆመ። «ምን ሊያደርግልሽ?» አለ በዚያች በለመዷት ዝቅተኛ ድምፅ።

«እማዬን ላያት።»

«ታማ ያለችበት እኮ ነው፣ የኔ ልጅ።» ግድግዳው ላይ ወዳለው ፎቶ ዞር አለ። «እዚያ ላይ አለችልሽ አይደል? አምሮባት።»

«አውቃለሁ። ይሄኛውን ነው።»

አባቷ ብሩሹን አስቀመጠ። ከዚያ እጁን በጨርቅ ጠረገና ወደ ውስጥ ገባ። ሲመለስ ባለ ቀጭን ሹሉን ቻርጀር ይዞ ነበር፤ የት እንዳለ ሳይፈልግ ነው ያመጣው። ስልኩ እስኪነቃ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ። ነቃ። ቪዲዮው ከሁሉም ስር ነው፤ ገና ሳይከፈት የሚታየው የደበዘዘ ቢጫ ነገር ብቻ ነው፣ ትራስ ይሁን ጉንጭ የማይለይ።

አባቷ እንደ ልማዱ በሩን ቀስ አድርጎ ሊዘጋ ተነሳ።

«አትዝጋው» አለች ቀጮ።

ተመልሶ ተቀመጠ። እሷም የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው። ከዚያ ጣቷን ቢጫው ላይ አሳረፈች።

እናቷ ምን እንዳለች አልነግራችሁም፤ እሱ የአባትና የልጅ ነው። አንድ ነገር ግን ልለምናችሁ። ያቺ የሦስተኛው ብርጭቆ ሴት ማን እንደነበረች የሚያውቅ የለም። ንግሥት ትሁን፣ የንጉሥ እናት ትሁን፣ እንጃ። ከእንግዲህ የሚያያትም አይኖርም። እናንተ ግን፣ ልጆቼ፣ አንዳንዴ ውሃ ስትቀዱ ትዝ ትበላችሁ። ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ ነበር። ፊት ነበራት። እሱን ብቻ አስታውሱልኝ።